ሳይበቅሉ የቀሩ ጥርሶች

የዛሬው ንግግሬ ስለ ጥርስ ነው። ተቦርቡሮ ስለሚነቀለው ወይም በአደጋ ስለሚሰበረው ጥርስ ግን ብዙ ተብሏል። እኔ የመጣሁት ከመጀመሪያው ሳይበቅል ስለሚቀረው ጥርስ፣ እንዲህ ሆኖ ስለሚወለደው ልጅ፣ ያም ልጅ እንደ እኩዮቹ እንዲያኝክ፣ እንዲናገርና እንዲስቅ ምን ሊደረግለት እንደሚቻል ልነግራችሁ ነው።

በእኛ አገር ጥርስ ትልቅ ቦታ አለው። እናቶቻችንና አያቶቻችን ድዳቸውን የተነቀሱት የጥርሳቸው ንጣት ጎልቶ እንዲታይ ነበር። ፍንጭት ያላት ልጅ ዛሬም ትደነቃለች። ቡና ሲፈላ ቆሎ ይቀርባል። በዚህ መካከል ስምንት ዓመት ሞልቶት አፉ ውስጥ ሁለት ሹል ጥርስ ብቻ ያለው ልጅ ምን እንደሚሰማው አስቡት። ቆሎው ሲዞር እጁን አይዘረጋም። ሲስቅ አፉን በመዳፉ ይሸፍናል። ፊደል ሲቆጥር «ፈ» እና «ሰ» አልወጣ ይሉታል፤ ልጆቹም «ሽማግሌው» እያሉ ይጠሩታል። እናቱ ጎረቤት የሚያወራው ይደርሳታል፤ እርግማን ነው የሚል አለ፣ በእርግዝናዋ የሠራችው ነገር አለ የሚል አለ። ከዚህ ሁሉ አንዱም እውነት አይደለም። እውነቱን ለማወቅ ወደ ማሕፀን መመለስ ያስፈልጋል።

ሰው 20 የወተት ጥርሶች ያበቅላል፤ በስድስት ወር ገደማ ብቅ ማለት ይጀምሩና ልጁ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ይሟላሉ። ከስድስት ዓመት ጀምሮ ቋሚዎቹ እየተተኩ በመጨረሻ 32 ይደርሳሉ። የሁሉም መነሻ ግን ከመወለድ በፊት ነው። ፅንሱ ስድስት ሳምንት ሲሆነው አፉን የሸፈነው ስስ ልባስ ወደ ውስጥ እየገባ የጥርስ እምቡጥ መሥራት ይጀምራል። ይህን ሥራ የሚመሩት ዘረ መሎች ናቸው። ከእነርሱ አንዱ እክል ካለበት እምቡጡ ላይሠራ ይችላል፤ እምቡጡ ካልተሠራ ደግሞ ጥርሱ ዘግይቶም አይመጣም። «ይበቅልለታል፣ ጠብቂ» የሚለው ምክር ብዙ ልጆችን ዓመታት ያስባከነ ምክር ነው።

አንድ ወይም ሁለት ጥርስ ሳይበቅል መቅረቱ በጣም የተለመደ ነው። የመጨረሻዎቹን መንጋጋዎች ሳንቆጥር፣ በዓለም ዙሪያ ከ100 ሰው አምስት ስድስቱ ቢያንስ አንድ ቋሚ ጥርስ ይጎድላቸዋል፤ ብዙዎቹም ሳያውቁት ይኖራሉ። ስድስትና ከዚያ በላይ የሚጎድለው ከ1,000 ሰው አንድ ወይም ሁለት ነው። የዛሬው ንግግሬ በተለይ ስለ እነዚህ ነው። ከእነዚህም ውስጥ ጉድለቱ በጥርስ የማይወሰንባቸው አሉ። ጥርስ፣ ፀጉር፣ ጥፍርና የላብ ዕጢ ሁሉም የሚነሡት ከፅንሱ የውጭ ልባስ ስለሆነ አንድ እክል አራቱንም ሊነካ ይችላል። ሐኪሞች ይህን ሕመም ኤክቶደርማል ዲስፕሌዢያ ይሉታል። ልጁ ፀጉሩ የሳሳ ነው፤ ቅንድቡ አይታይም ማለት ይቻላል፤ ቆዳው ይደርቃል፤ ያሉት ጥቂት ጥርሶች ጫፋቸው የሾለ ነው። ላብ የለውም፣ ወይም ጥቂት ብቻ ነው።

ላብ ስለሌለው ልጅ ትንሽ ልቆይ፤ ጉዳዩ የሕይወት ነውና። ላብ ሰውነትን ያበርዳል። የማያልበው ሕፃን በሙቀት ጊዜ ምንም ኢንፌክሽን ሳይኖርበት በኃይል ያተኩሰዋል፤ ወባ ነው ተብሎ መድኃኒት ይሰጠዋል፣ ትኩሳቱ ግን ይመላለሳል። በሕፃንነታቸው በዚህ ምክንያት የሚሞቱ አሉ። የእኛ የጎንደር ደጋ፣ ደባርቅና በየዳ፣ ለእነዚህ ልጆች ባለውለታ ነው፤ ብርዱ ጠብቆ ያሳድጋቸዋል። አደጋው የሚመጣው ልጁ ጎርምሶ ከአገር ልጆች ጋር ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላው፣ ወደ መተማና ወደ ቋራ ሲወርድ ነው። ቤተሰቡ የጥርሱን ነገር ያውቃል፣ ላብ እንደሌለው ግን ልብ ብሎ አያውቅም። በደጋ ማን ልብ ይለዋል? ከ35 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ሲያጭድ የሚውል የማያልበው ወጣት በሰዓታት ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። ስለዚህ ጥርሱ ጥቂትና ሹል፣ ፀጉሩም የሳሳ ወጣት በቤታችሁ ካለ ቆላ እንዳይወርድ ምከሩት። መውረዱ ግድ ከሆነ ልብሱን በውሃ እያራሰ፣ ጥላ እየፈለገ፣ ጠዋትና ማታ ብቻ ይሥራ።

ጥርስ ጎደለ ማለት ግን ሁልጊዜ ከዘር ነው ማለት አይደለም። በአካባቢያችን ሕፃን ሲያተኩሰው፣ ሲያስቀምጠው ወይም ጡት እንቢ ሲል ድዱ ላይ ያበጠው ነገር «ግግ» ነው ተብሎ በስለት የሚወጣበት ጊዜ አለ። በዚያ ስለት የሚወጣው በሽታ አይደለም፤ ገና ያልጠነከረ የወተት ጥርስ ነው፣ ብዙውን ጊዜም ክራንቻ። ከሥሩ ያለው የቋሚው ክራንቻ እምቡጥ አብሮ ሊቆረጥ ወይም ሊጣመም ይችላል፤ ልጁም አድጎ ክራንቻው ሳይመጣ ሊቀር ይችላል። የደም መፍሰሱና የቁስሉ መመረዝ ሳይቆጠር ማለት ነው። ስለዚህ ለሕክምና የሚመጣ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ግግ ወጥቶለታል ወይ?» ተብሎ ነው። እናቶች ይህን ጥያቄ ሲሰሙ መደበቅ አይገባቸውም። ሐኪሙ የሚጠይቀው ለመቅጣት አይደለም፤ መልሱ የሕክምናውን መንገድ ይለውጠዋል።

ቀጥሎ የሚጠየቀው የዘር ሐረግ ነው። በዚህ በኩል እኛ ትልቅ ሀብት አለን። በአገራችን ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። እገሌ የእገሌ ልጅ፣ እገሊት ከእገሌ የተወለደች እያሉ ቅድመ አያትን አልፈው የሚሄዱ አባቶች ዛሬም አሉ። ይህ ቆጠራ ለሐኪም እጅግ ዋጋ አለው።

ለምን እንደሆነ በአንድ ታሪክ ላስረዳ። እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ቻርልስ ዳርዊን በ1875 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ በዛሬዋ ፓኪስታን በሲንድ ይኖር ስለነበረ አንድ የሂንዱ ቤተሰብ ጽፏል። በአራት ትውልድ ውስጥ አሥር ወንዶች ከላይም ከታችም ተደምሮ አራት ደካማ የፊት ጥርስና ስምንት የኋላ ጥርስ ብቻ ነበራቸው። የገላ ፀጉራቸው ጥቂት ነበር፣ ቶሎ ይመለጡ ነበር፣ በበጋ ደግሞ የቆዳቸው ድርቀት ያሠቃያቸው ነበር። ከሴቶቹ አንዲትም ይህ አልታየባትም፤ ሆኖም ሴቶቹ ለወንዶች ልጆቻቸው ያስተላልፉት ነበር። ይህ ሁሉ የታወቀው ላቦራቶሪ ሳይኖር ትውልድ በመቁጠር ነው። ሳይንስ የእክሉን ዘረ መል ለይቶ ያገኘው ከዚያ ከ120 ዓመት በኋላ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. ነው።

ዘረ መሉ የሚገኘው ኤክስ በሚባለው ክሮሞዞም ላይ ነው። ሴት ሁለት ኤክስ አላት፣ ወንድ አንድ ብቻ። እናት አንዱ ኤክሷ እክል ቢኖርበት ሁለተኛው ይሸፍንላታል፤ ምናልባት አንድ ሁለት ጥርስ ይጎድላት ወይም ፀጉሯ ይሳሳ ይሆናል እንጂ ጤነኛ ናት። የምትወልደው እያንዳንዱ ወንድ ልጅ ግን ከሁለት አንድ ዕድል ሕመሙን ይወርሳል፤ እያንዳንዷ ሴት ልጅም በዚያው ዕድል እንደ እናቷ ተሸካሚ ትሆናለች። ሕመሙ ያለበት አባት ለወንዶች ልጆቹ አያወርስም፤ ሴቶቹ ግን ሁሉም ተሸካሚ ይሆናሉ። እዚህ ላይ ለባሎችና ለአማቶች በግልጽ ልናገር። እናት የመረጠችው ወይም ያጠፋችው ነገር የለም። ማንኛችንም የምንወልድበትን ዘረ መል አልመረጥንም። ጥርስ የሌለው ልጅ ወለደች ተብላ የምትገፋ ሴት ካለች፣ ግፍ እየተፈጸመባት ነው።

በሌላ መንገድ የሚወረሱም አሉ። ከእናት ወይም ከአባት ከአንዳቸው ብቻ በቀጥታ የሚመጣ አለ፤ እንዲህ ባለው ቤት አያት፣ አባትና ልጅ ተመሳሳይ ጥርስ ይጎድላቸዋል። ከሁለቱም ወላጆች ተሸካሚነት ሲገናኝ ብቻ የሚታይም አለ። ይህ የመጨረሻው ዘመድ ከዘመድ ሲጋባ ይበዛል፤ ሰባት ቤት የመቁጠር ልማዳችን የሚከላከለውም ይህንኑ ነው። የቀሩትን ግን ቆጠራው አያስቀርም። ስለዚህ «እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የተጋባነው፣ ከዘር ሊሆን አይችልም» የሚል ወላጅ ቢኖር ልማዱን ስለጠበቀ ይመሰገናል፤ ልጁን ግን ያስመርምር።

አሁን ወደ ሕክምናው ልግባ። መጀመሪያ የሚያስፈልገው መላውን መንጋጋ በአንድ ጊዜ የሚያሳይ ራጅ ነው። ልጁ ስድስት ሰባት ዓመት ሲሆነው ድዱ ውስጥ የትኞቹ ጥርሶች እየመጡ እንደሆነ፣ የትኞቹስ ከነጭራሹ እንደሌሉ ራጁ ይናገራል። ከዚያ በፊት አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ ያሉትን ጥርሶች አታስነቅሉ። ሹልነታቸው ቢያስጠላችሁም አታስነቅሉ። ጥርስ ባለበት ቦታ የመንጋጋ አጥንት ይወፍራል፤ በሌለበት ግን እንደ ቢላ ስለት ቀጥኖ ይቀራል፣ ኋላም ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚያርፍበት መደላድል ይጠፋል። ተተኪ የሌለው የወተት ጥርስም በደንብ ከተያዘ እስከ ሠላሳና አርባ ዓመት ሊያገለግል ይችላል። ሹሉ ጥርስ በብርሃን በሚጠነክር የጥርስ ሙሌት እየተለበሰ በአንድ ቀጠሮ የተለመደውን ቅርጽ ይይዛል። መሰርሰሪያ የለም፣ ብዙውን ጊዜ ማደንዘዣ መርፌም አያስፈልገውም። እናት መስታወቱን ከልጇ እጅ ተቀብላ ደጋግማ የምታየው ይህን ጊዜ ነው።

ለጎደሉት ደግሞ የሚወልቅና የሚገባ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራል። ብዙ ሰው ይህ የሽማግሌ ነገር ይመስለዋል። አይደለም፤ የሚተባበር ልጅ ከሆነ ከሦስት ወይም ከአራት ዓመቱ ጀምሮ ሊሠራለት ይችላል፤ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት ቢለምደው ደግሞ የተሻለ ነው። አሠራሩን ላሳያችሁ። ሐኪሙ ከባሕር ተክል የተገኘ ዱቄት በውሃ ያቦካና በልጁ መንጋጋ ልክ በሆነች ትሪ ሞልቶ ድዱ ላይ ያሳርፋል። ብዙ ጊዜ ከታች ይጀመራል፣ የታችኛው እምብዛም አያቅለሸልሽምና። ልጁ አንገቱን ወደ ፊት ደፋ አድርጎ በአፍንጫው ይተነፍሳል። ላብ የሌላቸው ልጆች አፍንጫቸው በደረቅ ቅርፊት ስለሚደፈን አስቀድሞ በጨው ውሃ ይጸዳል፤ ይህን የዘነጋ ባለሙያ ልጁን ያስደነግጠዋል፣ የደነገጠ ልጅም ወደ ወንበሩ አይመለስም። ሊጡ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይረጋል፤ ሲወጣ የድዱን ቅርጽ ይዞ ነው። በዚያ ላይ ጄሶ ይፈስሳል፣ በጄሶው ላይ ሰም ይሠራል፣ በሰሙም ልጁ አፉን ሲገጥም ፊቱ ምን ያህል ቁመት እንደሚያስፈልገው ይለካል። ጥርስ የሌለው ልጅ የታችኛው ፊቱ ስለሚያጥር ከንፈሩ ተገልብጦ ይወጣል፤ «ሽማግሌው» ያስባለው ይኸው ነው። ቁመቱ በትክክል ሲለካ መልኩ በዚያው ዕለት ይለወጣል። ከዚያ ጥርሶቹ በሰሙ ላይ ይደረደራሉ፣ ቤተሰቡ ያያል፣ ልጁ ይሞክራል፣ በመጨረሻም ሰሙ በአክሪሊክ ይተካል።

የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነው፤ ይህን ሳልሸፍን ልንገራችሁ። ባዕድ ነገር ነውና ልጁ አውጥቶ ሊጥለው ይፈልጋል። ድዱ ይቀላል፣ ይቆስላል። የቆሰለበት ቦታ ላይ ጥርሱ በሐኪም ተሞርዶ ይስተካከላል፤ ቤት ውስጥ በሞረድ መሞከር አይገባም። ምግቡ ከገንፎና ከፍትፍት ይጀምራል፣ ቀስ ብሎ ወደ እንጀራ ያልፋል። ለንግግሩ ደግሞ ማታ ማታ ጮክ ብሎ ማንበብን የሚያህል ልምምድ የለም፤ መዝሙረ ዳዊት የሚደግም ልጅ ከሆነማ ልምምዱ ከእጁ ነው። ሌሊት ጥርሱ ይወጣል፣ በሳሙናና በብሩሽ ይታጠባል፣ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ያድራል። የፈላ ውሃ አይነካው፤ አክሪሊክ በሙቀት ይጣመማልና ምድጃ አጠገብም አይቀመጥ። ምራቃቸው ጥቂት የሆነ ልጆች ደግሞ የቀሩት ጥርሶቻቸው ቶሎ ስለሚበሉ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ጠዋትና ማታ መፋቅ አለባቸው።

ልጅ ያድጋል፤ መንጋጋውም አብሮ ያድጋል። ስለዚህ ጥርሱ በየስድስት ወሩ እየታየ በየሁለት ሦስት ዓመቱ ይታደሳል ወይም በአዲስ ይለወጣል። ከበየዳ ተነሥቶ ጎንደር የሚደርስ ቤተሰብ ይህን ሲሰማ ልቡ እንደሚሰበር አውቃለሁ። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ፣ የአውሮፓ ሐኪም የማያውቀው የጉዞ ወጪ አለ፣ የአዝመራ ወቅት አለ። ቀጠሮ የሚሰጡ ባልደረቦቼን የምለምነው ለዚህ ነው፦ ለደጋው ሰው ቀጠሮ ስትሰጡ አዝመራውንና ክረምቱን ቁጠሩ፣ በአንድ ጉዞ ብዙ ሥራ ጨርሱለት።

«ለምን አንዴ ተተክሎ አያልቅም?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። መልሱ ኢምፕላንት የሚባለው፣ አጥንት ውስጥ የሚተከለው የታይታኒየም ብሎን ነው። ይህን ሕክምና ለዓለም ያስተዋወቁት ስዊድናዊው ፕሮፌሰር ፔር ኢንግቫር ብሮኔማርክ ናቸው። በ1965 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ታካሚያቸው የነበረው ጎስታ ላርሶን ሲወለድ ጀምሮ መንጋጋው በትክክል ያልተሠራ፣ የታች ጥርስ ያልነበረው ሰው ነበር። አራት ብሎን ተተከለለት፤ በ2006 እ.ኤ.አ. እስኪሞት፣ ከ40 ዓመት በላይ አገለገሉት። ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው የሚጠቀምበት ሕክምና የተጀመረው እንግዲህ ከምንናገርላቸው ሰዎች በአንዱ ነው። ይህ እኔን ሁልጊዜ ያጽናናኛል።

ሆኖም ኢምፕላንት ከአጥንቱ ጋር አያድግም። በልጅነት ከተተከለ መንጋጋው ሲያድግ እርሱ ባለበት ይቀርና ይሰምጣል። ስለዚህ ዕድገት እስኪያበቃ፣ ማለትም ለሴት እስከ 18፣ ለወንድ እስከ 20 ዓመት ገደማ ይጠበቃል። አንዳች ጥርስ በሌለበት የታች መንጋጋ ፊት ለፊት ግን ቀደም ብሎ መትከል የሚቻልበት ሁኔታ አለ፤ ልምድ ያለው ቡድን ብቻ የሚወስነው ነው። ዋጋውም ለአብዛኛው ቤተሰባችን ከባድ ነው። ስለዚህ የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ በልጅነቱ በሚገባ የተሠራ ተነቃይ ጥርስ ያለው ልጅ ኢምፕላንት እየጠበቀ አፉን ሸፍኖ ካደገው ልጅ ይሻላል። አንድ ሁለት ጥርስ ብቻ የጎደለው ደግሞ ጎረቤት ጥርስ ሳይሞረድ ከጀርባ በሙጫ በሚያያዝ ድልድይ ብዙ ዓመት ሊኖር ይችላል።

ከዚህም የራቀ ተስፋ አለ። በጀርመን የኤርላንገን ከተማ ሐኪሞች ኤክቶደርማል ዲስፕሌዢያ እንዳለባቸው በታወቀ ፅንሶች ላይ የጎደለውን ፕሮቲን በሽርት ውሃው ውስጥ በመርፌ ሰጥተው ልጆቹ ላብ ይዘው እንደተወለዱ በ2018 እ.ኤ.አ. አሳውቀዋል። ይህ ሕክምና ገና በምርምር ላይ ነው። እኛ ዘንድ እስኪደርስ በእጃችን ያለውን እንሥራ።

በእጃችን ያለው ደግሞ ጥቂት አይደለም። በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል የተቋቋመው በ1947 ዓ.ም. ነው፤ ብዙ የደምቢያ ሰው በወባ ወረርሽኝ ባለቀ ማግስት። ያ ኮሌጅ ጤና መኮንኑን፣ ነርሱንና የጤና ጥበቃ ባለሙያውን በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ሕመምተኛ ቤት ድረስ እንዲሄዱ ያደርግ ነበር። ዛሬ ያ ኮሌጅ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ የጥርስ ሐኪሞችንም ያሠለጥናል። የጥርስ ጉድለት ያለበት ልጅም የሚያስፈልገው ይኸው የቡድን ሥራ ነው። የጥርስ ሐኪም ብቻውን አይበቃም፤ የሕፃናት ሐኪም፣ የቆዳ ሐኪም፣ የጥርስ ላቦራቶሪ ባለሙያና ቤተሰቡን የሚያማክር ሰው አብረው መቀመጥ አለባቸው። ወላጅ ጠበል መውሰድ ከፈለገ ይውሰድ፤ ልጁን ወደ ሐኪምም ያምጣ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። በየቀበሌው ያላችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ቤት ለቤት ስትዞሩ ዓመት ከስድስት ወር ሞልቶት አንድም ጥርስ ያላወጣ ሕፃን ካያችሁ መዝግቡና ወደ ጤና ጣቢያ ላኩ፤ ላብ ያልበው እንደሆነም እናቱን ጠይቁ። መምህራን፣ ሁለተኛ ክፍል ደርሶ የፊት ጥርሱ ያልመጣ ተማሪ ካለ ወላጁን አስጠሩና በምሥጢር ንገሩት፤ በክፍል ውስጥ «ሽማግሌው» የሚል ቅጽል ስም ካለም ዛሬውኑ አስቁሙ። ሽማግሌዎች፣ ሰባት ቤት ስትቆጥሩ ጥርሱ ያልበቀለ ወገን በማን በኩል እንደነበረ ለልጆቻችሁ ንገሩ፣ አስጽፉትም። ወላጆች ደግሞ ልጃችሁን በሦስት በአራት ዓመቱ አምጡት፤ ስትመጡ ከተቻለ አያቱንም ይዛችሁ ኑ።